ለቻይናዊው ሙዚቀኛ ሽማግሌ የሆንኩበት እሁድ

«እትዬ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ፣ ጃንጥላዬን ለመዘርጋት ስታገል። በአማርኛ ነው ያለኝ። ከእጮኛው ተቀብሎ ያጠናት ዓረፍተ ነገር መሆኗ ያስታውቃል፤ ከዚያች ወዲያ ያለውን ሁሉ እንደ ወትሮው በእንግሊዝኛ ቀጠለ።

ሳቄ መጣ። ሴት ለሽምግልና ስትላክ አይቼ እንደማላውቅ ነገርኩት። ግራ ገባው። እጮኛው «በደንብ የሚያውቁህን ሦስት ሰዎች ምረጥ» አለችው እንጂ ወንዶች ይሁኑ አላለችውም። ለእሷ መነገር የማያስፈልገው ነገር ነበራ! እሱ ደግሞ አስቦ መርጧል፤ «ሦስት ሰዎች እሁድ ይመጣሉ» የሚለው መልእክትም የልጅቷ አባት ጋ ደርሶ አድሯል።

አባትየው ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ አገር ቤት ሳሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ኮስታራ ሰው ናቸው። ፋርማሲስቷ ልጃቸው ቻይናዊ እንደምትወድ ስትነግራቸው አልጮኹም። «ሰው ካለው ሰው ይላክ። አንድ ጊዜ እሰማለሁ፣ አንድ ጊዜ እመልሳለሁ» ነው ያሉት። እሷም አባቴ ሳይመርቁኝ አላገባም ብላለች። የእሱ እናትና አባት ያሉት ቻይና ነው፤ እዚህ አንድም ዘመድ የለው። ያቺ እሁድ እንግዲህ ወይ የሚያገኛት፣ ወይ የሚያጣት ቀን ነበረች። እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሌላው በሚጨርስበት ዕድሜ ነው። ሮክቪል ኮሌጅ ገብቼ የእንግሊዝኛ ድርሰት ክፍል ስመዘገብ፣ ከጎኔ የተቀመጠው እሱ ነበር። አስተማሪዋ ወረቀት እየተለዋወጣችሁ ተራረሙ ትለን ነበር። እስክሪብቶዬ ማንንም አይምርም፤ ግን በየሳምንቱ ኮማውን ሳቃና የሕይወቱን አንድ ገጽ አነብ ነበርና፣ ሳላስበው ሰውየውን አወቅሁት።

የተወለደው አውቶቡስ ፋብሪካ ባላት አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ነው። እናቱ የፋብሪካውን ሠራተኞች ኳየር ይመሩ ነበር። ልምምዱ የሠራተኞቹ ምግብ ቤት ውስጥ ስለነበር እሱ አኮርዲዮኑን አንግቦ ያደገው በተቀቀለ ጎመን ሽታ መሐል ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ጣለውና የድምፅ ቀረጻ ተማረ። ቪዲዮ ጌም የሚሠራ ኩባንያ ሲቀጥረው ሙዚቃ አላስነኩትም፤ በር ሲከፈት፣ እግር በረዶ ላይ ሲራመድ፣ ውኃ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ ነበር የሚሠራው። «ሁለት ዓመት ሙሉ በር ስከፍት ኖርኩ» ብሎ ጽፏል። ያችን ዓረፍተ ነገር አልነካኋትም።

አንድ ቀን፣ ተጫዋቹ ሲሸነፍ የምትሰማ አጭር ሙዚቃ ጎደለች። ታላላቆቹ ናቋት፤ ለእሱ ተሰጠች። ጻፋት። ሰዎች እሷን ለመስማት ሲሉ ሆን ብለው መሸነፍ ጀመሩ! አለቃው ጠርቶ «ትንሽ አስቀያሚ አድርጋት» አለው። እዚህ ጋ ስደርስ በሳቅ ፈነዳሁና አስተማሪዋ ዞር ብላ አየችኝ፤ ክፍል ውስጥ የምስቅ ሰው አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጌም ሰጡት፤ ከጌም ቀጥሎ የፊልም ሥራ መጣ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ቤት ምድር ቤት፣ ቤዝመንት የሚሉት ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ባሕር ማዶ ያለ ኦርኬስትራ እሱ የጻፈውን ሲጫወት በስክሪን ይከታተላል።

ቤዝመንቱን ያከራዩት የኛው አገር ሰው ናቸው። እሳቸውና ከታክሲ ሥራ ጡረታ የወጡት ጓደኛቸው ናቸው ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች። ጓደኛቸው ንግግር አያበዙም፤ አከራዩ ምንም ቢሉ «እውነት ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ሳሎናቸው ተቀምጠን ተለማመድን።

«ጌም የምትባል ቃል ከአፋችን እንዳትወጣ» አሉ አከራዩ። «ፊልም ነው የምንለው። ፊልም ክብር አለው።»

«እውነት ነው።»

«ዶክተር ብንለውስ?»

«ዶክተር አይደለም እኮ፣ ጋሼ» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ሽምግልና ኢንተርቪው መሰለሽ? ትንሽ ከፍ ይደረጋል።»

«እኔ ያልሆነውን አልልም።»

«አትይማ! አንቺ መች ትናገሪያለሽ? ከኋላችን ቆመሽ ፈገግ ማለት ነው።»

ተስማማኝ። ሰው ፊት መናገር አልወድም።

እሁድ ሙሽራው ቤት መቀመጥ አቃተውና «እኔው ልንዳችሁ» አለ። አከራዩ እስከ አሌክሳንድሪያ ሲያጉረመርሙ ሄዱ፦ «ሙሽራ ሽማግሌ አሳፍሮ ሲነዳ የት አገር ታይቷል?» ከሕንፃው ራቅ አድርጎ ፓርክ አደረገና መኪናው ውስጥ ቀረ።

አባትየው ከረባት አስረው ራሳቸው ከፈቱልን። ተቀመጡ ሲሉን አከራዩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እናትና ልጅ ከኩሽናው በር ጀርባ ሲንሾካሾኩ ይሰማል።

«ልጅዎን ለልጃችን ለትዳር ልንጠይቅ ነው የመጣነው» ብለው ጀመሩ። «ልጃችን የታወቀ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ነው። ቤጂንግ ተወልዶ…»

«ቤጂንግ?» አሉ አባትየው። «ልጄ የነገረችኝ ትልቅ ወንዝ ዳር እንዳደገ ነው። ቤጂንግ ደግሞ የትኛው ትልቅ ወንዝ ዳር ናት?»

አከራዩ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

«እውነት ነው» አሉ ጓደኛቸው።

አባትየው ሁለቱን አልፈው እኔን አዩኝ። «እርስዎስ እህቴ? ሴት ሽማግሌ ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ምኑ ነዎት?»

«አብሮኝ የተማረ ነው» አልኩ። ፋብሪካውን፣ የእናቱን ኳየር፣ የጣለውን ፈተና፣ የከፈታቸውን በሮች ነገርኳቸው። ጌም ስል አከራዩ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«ጌም ማለት እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚያፈጡበት?»

«አዎ፣ እሱ። ፊልም ላይ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ሙዚቃ ጸሐፊው ያውቀዋል። ጌም ላይ ግን ተጫዋቹ ቆሞ ሊያስብ ይችላል፤ የመጣበትን መንገድ ሊመለስም ይችላል። ሙዚቃው ሳያሰለች ሊጠብቀው ይገባል። እንደዚያ አድርጎ መጻፍ ነው ሥራው።»

«መልካሙን ሰማሁ» አሉ አባትየው። «ጉድለቱንስ ማን ይነግረኛል?»

«ኧረ ምንም ጉድለት አላየንበትም!» አሉ አከራዩ።

«እውነት ነው።»

«እርስዎስ?» አሉኝ።

ሽምግልና ላይ የሙሽራ ጉድለት እንደማይወራ አላጣሁትም። ግን ሰውየው ጠይቀውኛል፤ መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ።

«ሥራ ላይ ከሆነ ቢጠሩት አይሰማም» አልኩ። «ድስት ያሳርራል፤ የአከራዩን ሁለት ድስት አሳርሯል። ያለቀ ነገር አላለቀም እያለ አራት ኖታ ለማስተካከል ሳምንት ይፈጃል። ሲቆጣ አይጮህም፤ ዝም ነው የሚለው፤ ዝምታው ደግሞ ይረዝማል።»

«እነዚያን ድስቶች እሱ ነው ያሳረራቸው?» አሉ አከራዩ ሽምግልናውን ረስተው። «እኔ እኮ ባለቤቴን ስነዘንዛት ከረምኩ!»

መጀመሪያ የአባትየው ትከሻ ነው የተነቃነቀው። ከዚያ ከረባታቸውን ላላ አድርገው ሳቁ፤ ከበሩ ጀርባም ሳቅ ተሰማ።

«ለታላላቅ እህቶቿ የመጡት ሽማግሌዎች» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሁሉም መልአክ ነው ይዘውልኝ የመጡት። ከመልአክ ጋር እንዴት እንደሚኖር እኔ አላውቅም። ይኼኛው ሰው ነው። በሉ እንግዲህ ተቀመጡ።»

ተቀመጥን።

«እኔም የልጄን ልንገራችሁ፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ክርክር ከጀመረች ሳታሸንፍ አትተኛም። እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ትጥላለች። መኪናዋ መንገድ ላይ ካልቆመች ቤንዚን አትሞላም።»

«ዳዲ! ኖ! አንድ ጊዜ ነው እሱ!» የሚል ጩኸት ከበሩ ጀርባ መጣ።

«አያችሁ?» አሉ። «እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ጋር፣ ልጄ ልጃችሁ ናት።»

የእናትየው እልልታ ከበሩ ቀድሞ ገባ።

ስንወርድ ሙሽራው መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። አከራዩ ክብራቸውን ጠብቀው፣ ነገሩን ከሥር ጀምረው ሊያወሩ ሲሰናዱ እኔ አላስቻለኝም። «እሺ ብለዋል» አልኩት። እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ብላችሁ ነው?» አለ ቆይቶ።

«ምን ብላችሁ ይለናል! በድስቶቼ አሳጣችህ!» አሉ አከራዩ።

ቁልፉን ባለታክሲው ተቀበሉት። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ እንደወጣን እንደ ሠርግ መኪና ጡሩምባውን ይነፉት ጀመር። እዚህ አገር ክላክስ እንደ ስድብ እንደሚቆጠር ባስታውሳቸው፣ አከራዩ «ዛሬ ይልመዱታ!» ብለው እሳቸውም መስኮቱን ከፍተው ማጨብጨብ ያዙ።

እሱ ከኋላ አጠገቤ ተቀምጦ ለእናቱ በቪዲዮ ደወለላቸው። እዚያ ገና ሊነጋ ነው። ስክሪኑ ላይ ፀጉራቸው የተበታተነ፣ ከእንቅልፍ የባነኑ አሮጊት ታዩ። በቋንቋቸው ነገራቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ጠየቁት፤ ስልኩንም ወደኔ አዞረው። «በእኔ ፈንታ የቆመልህ ሰው ማነው? ልየው፣ ነው የምትለው እናቴ» አለኝ።

የቃላት ሰው ነኝ ባይዋ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምናገር ጠፋኝ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁና በአማርኛ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናቴ» አልኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በራሳቸው ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ይመልሱልኝ ጀመር። ሊተረጉምልኝ አፉን ሲከፍት «ተወው፣ ገብቶኛል» አልኩት፤ እናቱ ገና እያወሩኝ ነበር።