ጠረጴዛ የሌለው ክፍል

ፖሊሶቹ የመጡት ለኪዳን ልወጣ ነጠላዬን ስደርብ ነው። ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራያት አንድ የታሪክ መምህር ነበር። ክፍሏን ሊፈትሹ ነው፤ ፍተሻ ታዛቢ ያስፈልገዋልና ቁሚልን አሉኝ። ቆምኩ። ፍራሹን አገላበጡ፤ የፈተና ወረቀቶቹን በታተኑ። ስልኩን፣ ላፕቶፑንና ጥቂት መጻሕፍቱን ወሰዱ። ይህንኑ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። እሱንም ይዘውት ወጡ።

"ልጄ፣ ቁርስ እንኳ አልበላህም" እያልኩ እስከ በሩ ተከተልኩት።

ገና ክስ ሳይመሠረትበት ስለ እሱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሽብር ሊፈጽም ነበር ተባለ። ፎቶው ታየ፤ ቀጥሎ "ከመኖሪያ ቤቱ የተገኘ" ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሽጉጥ ታየ። በማግስቱ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

"እኔ አፈርኩልሽ! ምን ዓይነት ሰው ነው ቤትሽ ያስቀመጥሽው?"

"ሲፈትሹ ነበርኩ፤ ሽጉጥ አላየሁም።"

"እኔ ግን አየሁት! ጠረጴዛው ላይ ነበር እኮ።"

"ጠረጴዛ የለውም።"

"አንቺ ደግሞ! ቴሌቪዥን ስለ ጠረጴዛ ይዋሻል?"

ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ክፍሏ ከአልጋና ከሻንጣ ሌላ አትይዝም። ፈተና የሚያርመው ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው።

ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ለምስክርነት አስጠራኝ። ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ስሄድ አንድ ነገር አሰብኩ፦ ፍርዱ በቴሌቪዥን ካለቀ እኔ ምን አደርግላቸዋለሁ? በስቅለት ስሰግድም ይህ ሁሌ ይገርመኛል። ጌታን ሊገድሉት ከቆረጡ በኋላ ምስክር ፍለጋ ምን አንከራተታቸው?

መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው አስማሉኝ። በልጆቼ እንኳ ምዬ አላውቅም። መምህሩ ከስቶ ከፊቴ ተቀምጧል።

"ምን ምን ተገኘ?" አለኝ ዐቃቤ ሕጉ። ያየሁትን ተናገርኩ።

"እስቲ ያስታውሱ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውስ?"

"ጠረጴዛ የለውም።"

"ስለ ጠረጴዛ አልጠየቅኩዎትም።"

"አሁን ጠየቁኝ እኮ፣ ጌታዬ።"

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛው ቀና አሉ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ቤቱ የእኔ ነው፤ ጠረጴዛ ማስቀመጫ ቦታም የለው።"

አቀርቅረው ጻፉ። ምን እንደጻፉ እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ፍርድ ሳይሰጥ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ክሱ ተቋረጠ ተባለና ተፈታ። ለምን እንደታሰረም ለምን እንደተፈታም የነገረው የለም። እኔ ግን ተመስገን አልኩ። ያን ቀን ያልበላውን ቁርስ አቀረብኩለትና ጥያቄዬን ጠየቅኩት።

"ቀድመው ከፈረዱ ምስክር ምን ያደርግላቸዋል?"

"እኔም ተማሪዎቼን ይህንኑ እጠይቅ ነበር፣ እትዬ። ነገሥታቱም አብዮተኞቹም በየአገሩ እንዲህ አድርገዋል። ሰውየውን ዝም ብለው ማጥፋት ሲችሉ ችሎት ሰይመው፣ ምስክር ጠርተው፣ አድክመው ይፈርዱበታል።"

"መልሱስ?"

"እንደ እርስዎ ያለ ሰው አዎ እንዲላቸው ይፈልጋሉ መሰለኝ። እዚያ ከገባሁ ወዲህ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

ሻይ ጨመርኩለት።

"አንዲት ተጣጣፊ ጠረጴዛ ልገዛልህ አስቤያለሁ" አልኩት።

"ኧረ በእግዚአብሔር፣ እትዬ!" አለ፣ ሻዩን ሊደፋው እስኪደርስ እየሳቀ። "ሻንጣዬ ይበቃኛል።"