ጧፍ የተለጠፈበት ዋንዛ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዘመኑም ወደ ዘጠናዎቹ መግቢያ። አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። የምኖረው ግን ገና ገጠር ቢጤ በነበረው ሳሊተ ምሕረት፣ እማማ በለጡ ግቢ ተከራይቼ ነው። ዛሬም ዋንዛ ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል፤ እስቲ ላጫውታችሁ።

አባቴ ደብረ ብርሃን ጉበቱን ታሞ ነበር። መንገድ ሊሠራ መጥቶ ሆቴላችን ያረፈ አንድ ቻይናዊ ይህን ከአስተርጓሚው ሰማና፣ የእንጉዳይ ዘር የያዙ ትንንሽ የእንጨት ውታፎች ሰጠኝ። ያልተቆረጠ ዛፍ በስቼ እንድወትፋቸው፣ በሰም እንድደፍናቸው፣ እንጉዳዩ ሲበቅል አድርቄ ለአባቴ እንዳፈላለት ነገረኝ።

እማማን አስፈቀድኩ።

«ደግሞ የጅብ ጥላ መድኃኒት ሆነ?» ብለው ሳቁ። ዋንዛቸውን ግን ሰጡኝ።

ሰም ከየት ይምጣ? ነድዶ የተረፈ ጧፍ አቅልጬ ደፈንኩበት። ክሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እኔ ልብ አላልኩትም።

የጎረቤት ሴቶች ግን ልብ አሉት። ብዙም ሳይቆይ «በለጡ ለአድባር ጧፍ ታበራለች፣ ዛፍ ታመልካለች» ተባለ። ያ ወሬ የመጣው ደግሞ እማማ የማርያም ጽዋ ተራቸው ደርሶ ጠላ ጠምቀው ሲጠብቁ ነው። አንዷ ማኅበርተኛ ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ «እትዬ በለጡ፣ ይሄ ዛፍ ካልተቆረጠ እርስዎ ቤት ጽዋ አንጠጣም!» ብላቸው ሄደች።

እንባዬ መጣ። ውታፎቹን ልነቅል ቢላ ይዤ ስወጣ እማማ እጄን ያዙኝ።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«በእኔ ምክንያት ሰው ቤትዎ ሳይመጣ ሊቀር ነው እኮ እማማ!»

«ማርያም ልቤን ታውቀዋለች። የሰው አባት መድኃኒት አስነቅዬ ጠላ ላጠጣ? በይ ቢላውን መልሺ፤ ሽንኩርቱ አልተከተፈም።»

በጽዋው ዋዜማ አባቴ ለሕክምና እኔ ዘንድ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት።

እንጉዳዩ በኋላ በቀለ፤ አባቴን ግን አላዳነውም። እንደዚያም ሆኖ ያንን ዋንዛ ሳስብ ከሐዘኑ ይልቅ ደስታው ያመዝንብኛል።

በጽዋው ዕለት ጠዋት አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ከአልጋው ተነስቶ በር እስኪደርስ የሚያርፍ ሰው፣ እኔ ቤቶቹን እያሳየሁት የማኅበርተኞቹን በር አንድ በአንድ አንኳኳ።

«ጧፉን የለጠፈችው የእኔ ልጅ ናት፤ ለጉበቴ መድኃኒት ብላ። ለእትዬ በለጡ ጽዋ ልጠራችሁ መጣሁ» አላቸው።

ከዚያ ሴቶቹን አስከትሎ ገባና፣ ዋንዛው ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።