ሳይደርስ «ደርሷል» ያልኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይቺን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ዛሬ አንባቢዬ፣ ለአንተ ልናገራት።

በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ፒያሳ፣ ለክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት በሚልክ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፍ ነበር። በስልክ መስመር የሚመጣው መልእክት መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ ባዘጋጀሁለት የማስታወሻ ቦታ ይጠራቀማል። ከወፍጮ የሚወርደው ዱቄት እንደሚጠራቀምበት፣ ቋት እንለው ነበር። ከዚያ እየተቀዳ ወረቀት ላይ ይታተማል። ሳይታተም መብራት ከጠፋ ግን ቋቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በደንቡ መልእክቱ ሳይታተም ለላኪው «ደርሷል» አይባልም ነበር።

እኔ ገና ቋት ሲገባ «ደርሷል» እንዲል አደረግኩት። ለምን? ማተሚያው ቀርፋፋ ነበር፤ መስመሩ ቶሎ ሲለቀቅ አለቃችን ያሞግሰኛል። ሙገሳ እወድ ነበር። መብራት እንደሚጠፋ አላውቅም ነበር? በአራዳ ተወልጄ አድጌ! አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶም መጣ። ሁላችንም ሥራችንን ቀጠልን። በኋላ ከአንድ ጤና ጣቢያ የተላከ ሰው መጥቶ፣ የተቅማጥ በሽታ ገብቶባቸው መድኃኒት መጠየቃቸውን፣ «ደርሷል» መባላቸውን፣ የእኛ የመድኃኒት መኪና ግን የጠየቁትን ሳይዝ መምጣቱን ተናገረ። ሰው ሞቷል አለ።

ወረቀቱን ከማተሚያው እየቀደዱ ለየክፍሉ የሚያድሉት እትዬ ጸዳለ ነበሩ። ስብሰባ ተጠራና «አሻጥር» የሚለው ቃል ተነሣ። ይህ ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ አልነበረም። አለቃችን ወደ እኔ ዞሮ፣ ማሽኑ መልእክቱን ሳያትም «ደርሷል» ሊል ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አይልም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እትዬ ጸዳለ ታሰሩ። እኔ በማግስቱ ሰው ሳያየኝ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ።

ፈርቼ ነው ልበል? በርግጥ ፈርቻለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላስ ማንን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እያደር ጨለመ።

ከዓመታት በኋላ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ኬክ ቤት አስገብቼ ማኪያቶ ጋበዝኳቸው። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማሽኑ እንደማይሳሳት አንተው ተናግረሃል ልጄ። ያቺን ወረቀት የት ጥያት ይሆን? እስከ ዛሬ በሕልሜ እፈልጋታለሁ» አሉኝ።

ሒሳብ ከፍዬ ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

አሁን በሕይወት የሉም። አንባቢዬ፣ ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ብቻ፣ ለማይሰሙኝ፣ እዚህ ልበለው፦ እትዬ ጸዳለ፣ የጣሉት ምንም ወረቀት አልነበረም።