ደመወዝተኛ ዋስ

ባለፈው ሰሞን ቡሬ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ በስልክ ስትነታረክ ሰማሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ አልፋለች፤ ወጪዋን የሚሸፍንላት መሥሪያ ቤት ግን ዋስ አምጪ ብሏታል። «ደመወዝ ያለው ሰው ከየት ልውለድ?» ትላለች ደጋግማ። አውቶቡሷ መጣና ሄደች። እኔ ግን ብቻዬን እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተናደድኩ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎም «ዋስ» የሚሉት ቃል ደሜን ያፈላዋል።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ወደ ቤተሰቦቼ የተመለስኩበት ክረምት ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፤ የጓሮው በቆሎ ደርሶ ጠዋትም ማታም እሸት እንጠብሳለን። ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበለኝ። የትምህርቱን ክፍያና በየወሩ የኪስ ገንዘብ የሚችለኝ ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እኔ በበኩሌ ስጨርስ በዞኑ ውስጥ አገለግላለሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ጠላ አጠጣ። ጠላው ካለቀ በኋላ ነው ውሉን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። ከመስቀል በፊት ዋስ ካላቀረብኩ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

አባቴ ሳቀ። በአካባቢያችን ዋስ ማለት እሱ ነው። ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ መሐል የሚቀመጠው እሱ፣ ጫካ የገባ ሰው አምኖ ቤቱ የሚገባው በእሱ ቃል ነው። ነጩን ጋቢውን ለብሶ በጠዋት ፍኖተ ሰላም ይዞኝ ሄደ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አላት ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችውን ሴት።

«ደመወዝዎ ስንት ነው፣ አባቴ?»

«የምን ደመወዝ? በሬ አለኝ፣ መሬት አለኝ፣ ስም አለኝ።»

«ገብቶኛል። ግን ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ነው የሚፈለገው። ልጅዎ ውሏን ትታ ብትጠፋ ከደመወዙ የሚቆረጥ።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ በትሕትና ነው የነገረችን። አባቴ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ቀድሞኝ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ደመወዝተኛ ፍለጋ በጭቃው ተንከራተትኩ። ቡሬ የሚያስተምረው አጎቴ ለሌላ ሰው ፈርሟል፤ ለሁለት ሰው ዋስ መሆን አይፈቀድም። አንድ የጤና ባለሙያ እሺ ካለኝ በኋላ ሚስቱ እንቢ አለች። አልፈርድባትም፤ ከዚህ በፊት ዋስ የሆነለት ሰው ጠፍቶ ደመወዙ ሲቆረጥ የከረመ ነው። በቀበሌያችን የቀረው አንዱዓለም ብቻ ነበር። አንዱዓለም የመራዊ ልጅ ነው፤ ለግብርና ሥራ ተመድቦ መጥቶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ዝምተኛ ነው፤ ከሩቅ እጅ ነስቶ ያልፋል።

«ራሴ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አልኩ።

«ሰው ይህን ያህል ነገር በመንገድ ይጠየቃል? ክብር አለው እኮ!» አለ አባቴ፣ ተቆጥቶ። ሦስት ሽማግሌ ላከበት።

እንግዲህ የእኛ አገር ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን የመጣበትን ነገር በስሙ አይጠራም። ዙሪያውን ይዞራል፣ ያመሰግናል፣ የላከውን ሰው ይጠራል፣ «አስብበት፣ ወላጆችህንም አማክር» ብሎ ይነሣል። ሦስቱም እንደ ወጉ አደረጉ። «የአያ ፈንታሁንን ልጅ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን» አሉት፣ አባቴን በስሙ ጠርተው። ለብቻው የሚኖር ወንደላጤ ቤት፣ የሴት ልጅ አባት የላካቸው ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች! ልጁ ምን ይበል? አንገቱን ደፍቶ «ደስ ይለኛል፤ ብቻ ቤተሰቦቼን ላስፈቅድ» አለ። ሽማግሌዎቹም «ሊፈርም ነው፤ ጨዋ ልጅ!» ብለው ለአባቴ አበሠሩት።

ቀኑ ነጎደ። እኔ በየጠዋቱ ፊርማውን እጠብቃለሁ፤ አንዱዓለም በአይሱዙ ሾፌር መራዊ መልእክት ልኳል። መስቀል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እናትና አባቱ ሙክት እየጎተቱ፣ ባለጥልፍ ቀሚስ በፌስታል ይዘው ከደጃችን ደረሱ። አንዱዓለም በአዲስ ኮት ከኋላቸው ቆሟል። እናቱ ጉንጬን ይዛ ስትስመኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሽማግሌዎቹም ተጠርተው ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ አባቴ ስለ ዋስትናው መናገር ጀመረ፤ መሐል ላይ ሙክቱንና ቀሚሱን አይቶ አቆመ። እናትየው ቀስ ብላ ተነሣች።

«ኸመራዊ ድረስ የመጣነ ምራት ብለን ነበር» አለች። «ለካ ዕዳ ኑሯል!»

አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። በገንኩ፤ በአባቴ ወግ፣ በሽማግሌዎቹ ዙሪያ ጥምጥም፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ውል፣ በሁሉም። ስለ እኔ ሁሉም ተናግሯል፤ እኔን ያናገረኝ የለም።

«አንዱዓለም» አልኩት በሁሉም ፊት፣ «የምፈልገው ፊርማህን ነው። እንቢ ብትለኝም አልቀየምህም።»

ተነሥቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ግን የሥራ ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት። «ለአባትሽ ስል ነው» አለኝ። አብረን ፍኖተ ሰላም ሄድን። ፈረመ።

ገንዘቡም ቢሆን እንዲያው በቀላሉ አልመጣም። የጥቅምቱ የኪስ ገንዘብ ጥር ላይ ይደርሳል፤ እናቴ በላከችው ጭብጦና ቆሎ ነበር የምቆየው። በየመንፈቁ ደግሞ «ዋስሽ አሁንም ሥራ ላይ ነው ወይ?» ይባላል። አንዱዓለም ማስረጃ አጽፎ ካልላከ ክፍያው ይቆማል። አንድ ቀን አላዘገየብኝም።

ለፋሲካ ቤት ስገባ እናቴ ወሬ ነገረችኝ። አንዱዓለም ደምበጫ አንዲት ልጅ አጭቷል፤ አባትየው ግን «የሌላ ሰው ሴት ልጅ ዋስ ለሆነ ልጄን አልሰጥም። መጀመሪያ ከዋስትናው ይውረድ» ብሏል። ፍኖተ ሰላም በረርኩ። ዋስ ቀይሩልኝ ብዬ ለመንኩ። «ሌላ አምጪና እንቀይራለን» አሉኝ። ሌላ ቢኖርማ መቼ እዚያ እደርስ ነበር! ትምህርቱን ጨረስኩ፣ አገልግሎቱን ጀመርኩ፤ አንዱዓለም ይጠብቃል።

አገልግሎቴን ፈጽሜ ዋሱ ነጻ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ የተቀበልኩ ዕለት ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ደግ ነው» አለኝ። «ልጅቱ ግን ባለፈው ጥር ተዳረች።»

ከዚያም ግቢ፣ ተቀመጪ ብሎ በርጩማ አወጣልኝ።

በኋላ ሌላ አግብቶ ወደ መራዊ መዛወሩን ሰምቻለሁ። ደህና ነው ይሉኛል። እኔም ደህና ነኝ፤ የተማርኩበትን ገንዘብ በአገልግሎት ከፍያለሁ፣ የማንም ዕዳ የለብሽም የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለኝ። ውሌን አፍርሼ ቢሆን ኖሮ አንዱዓለም የሚያጣው ከደመወዙ ነበር። ውሌን አክብሬ ጨረስኩ፤ እሱ ያጣው እጮኛውን ነው። ይህን ለማን አቤት እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ንዴቴም ያልበረደው ለዚህ ነው።