ቦራ ያልጠጣችው ውሃ

ይህ የደረሰብኝ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ደብረ ማርቆስ ለማስተርስ ጥናት በነበርኩ ጊዜ ነው። ዛሬም ከብት ውሃ ሲጠጣ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ጥናቴ በቆሻሻ ፍሳሽ ላይ የሚበቅለውን አልጌ የሚባል አረንጓዴ ነገር ማስወገድ ነበር። ናኖ የሚባል እጅግ ደቃቅ የብረት ብናኝ ውሃው ውስጥ ይጨመራል፤ ብናኙ አልጌው ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ ማግኔት ሁለቱንም ጎትቶ ያስቀራቸዋል። ብናኙን የምሠራው በስንት መከራ ነው፤ የማገኘውም ከቁንጣሪ አያልፍም።

ናሙና የምቀዳው ከከተማው በታች፣ ፍሳሽ ከሚጠራቀምበት ኩሬ ነበር። በአጠገቡ እማማ የሻረግ የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። ያለቻቸው ቦራ የምትባል አንዲት ላም ብቻ ናት። በጋው ጠንቶ ምንጩ ስለደረቀ ቦራ ያንኑ አረንጓዴ ኩሬ ትጠጣለች። ከስታለች፣ ነጥፋለች።

«ሁልጊዜ ምንድን ነው የምትቀዳው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ወጣት ነኝ፣ ማሳየት እወዳለሁ። አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ሞልቼ የሳምንታት ልፋቴን ጨመርኩበትና፣ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት ከጎኑ አስጠጋሁ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ጠራ።

እማማ የሻረግ እልል አሉ። ቀና ስል ላሟን እየሳቡ ሲመጡ አየሁ።

«ይቆዩ እማማ፣ አይሆንም!» አልኳቸው። አልጌው ቢወጣም ውሃው ውስጥ የለቀቀው መርዝ ሊቀር ይችላል፤ ብናኙም ለከብት ተሞክሮ አያውቅም። ቦራ ግን የውሃው ሽታ ደርሷት ገመዱን ትጎትታለች። ሌላ መላ አልነበረኝም፤ ዓይኗ እያየ ባልዲውን መሬት ላይ ደፋሁት። እርጥቡን አፈር ላሰች።

«ላሟ የማትጠጣው ከሆነ ታዲያ ለምን አጠራኸው ልጄ?» አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፤ የምር ጠይቀውኝ ነው።

«ወንዝ ድረስ ይውሰዷት» አልኳቸው።

«በየትኛው ጉልበቴ?» አሉና ይዘዋት ተመለሱ።

ለሚቀጥለው ናሙና ስሄድ ጎረቤቶች እማማ የሻረግ ደጅ ተቀምጠው አገኘሁ። ቦራ ሞታለች። የኩሬው ውሃ ይግደላት በሽታ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ላጽናናቸው ብገባ እንባዬ ቀደመኝ።

«ተው ልጄ፣ ክፉውን ይዛ ትሂድ። በሰው ከሚመጣ በሷ ይሁን» አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። በአገሩ ከብት የሞተበት ሰው የሚጽናናበት ቃል ነው። ከብት የሞተባቸው እሳቸው፣ የተጽናናሁት እኔ።

ጥናቴ በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ኩሬው እንደነበረ ቀረ። አሁን አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ በብርጭቆ ውሃ አጥርተው ሲፈነድቁ አብሬ አጨበጭባለሁ። እማማ የሻረግ ሌላ ላም ሳይተኩ ማረፋቸውን የሰማሁ ቀን ግን፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ዲግሪ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።