ስንቄ ላይ የበቀለው ሻጋታ

ባለፈው እሑድ ልጄ ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ ደውላ በስልኳ አረንጓዴ ሻጋታ አሳየችኝ። እኔ ፍኖተ ሰላም፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ድንች እልጥ ነበር። አንድ ተክል ብቻ የሚሠራውን መድኃኒት ሻጋታውም እንዲሠራ፣ የተክሉን ዘረመል አስገብተውበት ነው አሉ። «ደስ አይልም፣ እማ?» አለችኝ። ደስማ ይላል። ግን ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ቤታችን ከቡሬ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቴ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ነበር። እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ክፍል ተከራይተን፣ የሳምንት ስንቃችንን እሑድ ተሸክመን እንገባለን። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል፤ ዝናብ ከገባማ ረቡዕንም አይጠብቅ። ጠርገን፣ ድልህ ቀብተን እንበላዋለን። ሻጋታ ጠርጎ ያልበላ የገጠር ተማሪ አለ የሚለኝ ካለ ይዋሻል።

በዚያ ግንቦት አባቴ ሲያርሱ ማረሻ እግራቸውን ወጋቸው፤ ቁስሉም አልደርቅ አለ። በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን ፔኒሲሊን የሚባል መድኃኒት ከሻጋታ እንደሚገኝ አስተማሩን። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! መጥረጉን ትቼ፣ ክፉኛ የሻገተውን እንጀራ በቅጠል ጠቅልዬ ቅዳሜ አገሬ ገባሁ። እኔ ራሴ ከሐሙስ ጀምሮ በቅጡ አልበላሁም።

አባቴ ጥቅልሉን ፈትተው አዩት። ከዚያ ከትምህርት ቤት የመጣ ነገር እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው እግራቸውን ዘረጉልኝ። የሻገተውን እንጀራ ቁስሉ ላይ አድርጌ በነጠላዬ ቁራጭ አሰርኩላቸውና በማግስቱ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ስመጣ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጦ በትኩሳት ይንቀጠቀጣሉ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ቡሬ ጤና ጣቢያ ሲወስዷቸው፣ ጭቃውን እያቦካሁ ከኋላ አለቅስ ነበር። ጤና ረዳቱ ቁስሉን ፈትቶ ይህን ቆሻሻ ማን እንዳደረገባቸው ሲቆጣ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

«እኔው ነኝ» አሉት። «የሽማግሌ ነገር።»

ቁስሉ ታጠበ፤ መርፌም ተወጉ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደላቸው። መርፌው ያው ፔኒሲሊን ነበር። እኔ ግን ትምህርቱን ተውኩት፣ ደብተሬንም ማየት አልፈልግም አልኳቸው። እጄን ያዙኝ።

«መምህርሽ አልዋሹም። አንቺ ግማሹን ሰምተሽ መጣሽ እንጂ። ሂጂ፣ የቀረውን ስሚ።»

ሄድኩ፤ ኋላም መምህር ሆንኩ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ያነክሱ ነበር፤ ሰው በጠየቃቸው ቁጥር ማረሻ ወግቶኝ ነው ይላሉ። እናቴ እንኳ ሌላ ነገር አልሰማችም።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለልጄ ነገርኳት። ሻጋታ መርዝም እንደሚያመነጭ፣ የእነሱ ድካም ሁሉ መድኃኒቱን ነጥሎ ማውጣት እንደሆነ አስረዳችኝ። ልጅ ነበርሽ፣ አታውቂም ነበር ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። አለማወቄስ አይደለም የሚቆረቁረኝ። ካወቅኩም በኋላ አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ሰው ስለ እግራቸው ሲጠይቅ፣ አጠገባቸው ቆሜ፣ እኔም «ማረሻ ነው» እል ነበር።