የጥልፍ ማሽኔና አዲሱ ኮምፒውተር ታረቁ

የጥልፍ ማሽኔ ዛሬ ተነሣች! መርፌዋ ስትወርድ በእልልታ የመርሳ ከተማን ሰው ሰበሰብኩት።

አዲስ ኮምፒውተር ከገዛሁ ወዲህ አልታዘዝ ብላ፣ ከግራና ከተማ ያዘዘችኝ ሙሽራ ቀሚስ ለእሁዱ ሰርግ ያለ ጥልፍ ሊቀር ነበር።

ኮምፒውተር የተማረችው ልጄ ከወልድያ መጥታ፣ ሁለቱን የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ራሷ ጻፈችው። መጀመሪያ ስትሞክረው ማሽኗ ትንሽ ሰፍታ ቀጥ ትላለች፤ ኮምፒውተሩም አብሯት ስታክ ያደርጋል፣ ደርቆ ይቀራል።

ኋላ ስታስተካክለው፣ «ምን አገኘሽበት?» ብላት፣

«ኮምፒውተሩ እንዳንቺ ነው እማዬ! ማሽኗ ሳትመልስለት ሌላ ወሬ ይጨምራል። መልሷን እንዲጠብቅ አድርጌ ጻፍኩት» አትለኝም!

ስድቡን ይቅር ብያለሁ፤ ቀሚሱ ፊት ለፊቴ እየተጠለፈ ነው። በጽሑፍ ብቻ ብረት የምታንቀሳቅስ ልጅ እኔ ወለድኩ? ሱብሃነላህ!

እናንተንስ ልጆቻችሁ በምን አፋችሁን አስያዟችሁ? ንገሩኝ፤ ዛሬ እንኳ ዝም ብዬ መልስ እጠብቃለሁ።